የሰበካ ጉባኤ አገልግሎት ከቅጥር ግቢ ውጭ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አጥቢያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ላይ ሰው ሲሞት ሰፈሩን ቀድሞ የሚቀሰቅሰው የቅሬው (የወሎ ዕድር) ጡሩምባ ነው። ጡሩምባው ከተነፋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ አግዳሚ የሚሸከመው ሁሉም ተራውን ያውቃል። ካህናቱና የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ይህ ሁሉ ሥራ ተጀምሮ ነው። በአንድ የደሴ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ በጸሐፊነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት የተማርሁት ትልቁ ነገር ከዚሁ የመጣ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ወደ አካባቢዋ ሕዝብ ለመድረስ አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልጋትም፤ ሕዝቡ ራሱ የቀደደው መንገድ አለ፣ በዚያ ለመግባት ግን ቤቶቹን አንድ በአንድ ማወቅ ይጠይቃል።

መመሪያው በቅርቡ ለተመረጡ የሰበካ ጉባኤ አባላት የተጻፈ ነው። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ ሲደራጅ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠ አካል ሲሆን፣ አባላቱ የሚመረጡት ለሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ረጅም ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት በርክክብና በሒሳብ ማጣራት፣ የመጨረሻው ደግሞ በምርጫ ወሬ ስለሚያልቅ፣ በእጃችሁ ያለው አንድ ዓመት ብቻ እንደሆነ ቆጥራችሁ ብትጀምሩ አትሳሳቱም።

፩. ከመውጣት በፊት ሒሳቡን ማጥራት

ሰው ቤቱ ሄዳችሁ ስትጠይቁት አፍ አውጥቶ ባይናገርም በልቡ «ያ ለአጥሩ የተዋጣው ገንዘብ የት ደረሰ?» የሚል ከሆነ የቤት ለቤት ጉብኝቱ ሁሉ ለገንዘብ ልመና የተደረገ ይመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለሒሳብ ስጡ። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ቢያንስ አንድ ካህን፣ አንድ ምእመንና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካይ ይገኙ፤ ቁልፎቹም በተለያየ ሰው እጅ ይሁኑ። የተቆጠረው ገንዘብ በዚያው ዕለት በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ሁሉም ይፈርሙበት፤ ባንክ ቤት በሚከፈትበት በሚቀጥለው ቀንም ገቢ ይደረግ። አሥራትም ሆነ ስእለት ያለ ደረሰኝ መቀበል ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ሰጪው «አይ፣ ለእግዚአብሔር ነው፣ ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል» ቢልም ቆርጣችሁ በእጁ ስጡት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሠራልን ግን አንድ ወረቀት ነው። በየወሩ መጨረሻ ገቢውን፣ ወጪውን፣ ለወረዳ ቤተ ክህነት የተከፈለውን ፐርሰንትና ወደሚቀጥለው ወር የዞረውን በወፍራም እስክሪብቶ በአንድ ገጽ ጽፈን በላስቲክ ሸፍነን በበሩ ላይ እንለጥፍ ነበር። ላስቲኩ ግዴታ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር በደሴ የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ ጠዋት ላይ ቀለሙ ፈሶ ይገኛል። በመጀመሪያው ወር ቆም ብሎ ያነበበው ሰው ጥቂት ነበር። በአራተኛው ወር ግን አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውጥተው እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ የድምር ስሕተት አግኝተው ቢሮ ድረስ መጡ። ስሕተቱ የእኔ ነበር። እኒህ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄዱበት ሁሉ ስለ አጥቢያችን ሒሳብ የሚመሰክሩ ጠበቃ ሆኑልን።

ስለ ስብሰባም አንድ ነገር ልጨምር። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ስለሆኑ፣ ምእመናን ተወካዮች አባትን በሰው ፊት መቃወም ነውር መስሎ ስለሚታያቸው ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም እንደ ስምምነት ይቆጠርና ውሳኔው ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ምክትል ሊቀ መንበሩ ከስብሰባው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ወደ አባ ቤት ሄዶ አጀንዳውን ከእርሳቸው ጋር ይመካከርበት። በቡና ላይ «አባቴ፣ ይህቺ ነገር ሕዝቡን እንዳታስከፋብን» ማለት በጉባኤ መካከል ከመቃወም እጅግ ይቀላል።

፪. መንደሩን በእግር ማወቅ

አጥቢያችሁን በስንት ቀጣና እንደምትከፍሉ ከመወሰናችሁ በፊት በእግራችሁ ዙሩበት። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት፤ በወረቀት ላይ ሦስት መቶ ሜትር የሚመስል ቤት በክረምት ጭቃ ላይ ለአንዲት ባልቴት የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ከእኛ ምእመናን መካከል «ለምን ቀረች?» ተብላ የምትታማ አንዲት እናት ነበሩ፤ ቤታቸው ስንሄድ የደረጃው ድንጋይ ከሁለት ዓመት በፊት ተንዶ ከግቢ መውጣት እንዳቃታቸው አየን። ስድስት ወጣቶች በአንድ ቅዳሜ ድንጋዩን መለሱት፤ በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ላይ ነበሩ።

ለዙረቱ አንድ ካህን፣ አንዲት ሰፈሩን የምታውቅ እናትና አንድ ወጣት አብረው ይመደቡ። እናቲቱ ከሌለች ቡድኑ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፤ እርሷ ግን የትኛዋን በር በስንት ሰዓት ማንኳኳት እንደሚገባ ታውቃለች። አንድ ቡድን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከስምንት ቤት በላይ ለመጎብኘት አይሞክር፤ ቡና ቀርቦ ሁለተኛውን ሳይጠጡ መነሣት ስድብ ስለሆነ ስምንቱም ይበዛል።

መዝገቡ ተራ ባለ መስመር ደብተር ሊሆን ይችላል። የቤቱ ባለቤት ስም ከክርስትና ስም ጋር፣ የንስሐ አባት፣ ስልክ፣ ቤቱ የግል ወይም የቀበሌ ወይም የኪራይ መሆኑ፣ የታመመ ወይም አቅመ ደካማ ካለ፣ የተማሪዎች የክፍል ደረጃ፣ ቤተሰቡ የሚገኝበት ቅሬ ይጻፍ። በደብተሩ የማይጻፍም አለ፦ የበሽታ ዓይነት፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ ለንስሐ አባት የተነገረ ማንኛውም ነገር። ደብተር ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ጎረቤትም ያነበዋል። ከዚህም ጋር ግልባጭ አዘጋጅታችሁ በሌላ ቤት አስቀምጡ፤ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ሲያልፍ በየመሥሪያ ቤቱ የተበተነውን ወረቀት ያየ ሰው ይህን ምክር ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይቀበላል።

ለወሎ ሰው መናገር ባያስፈልግም፣ ከሌላ አካባቢ ለተዛወሩ አገልጋዮች ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እዚህ ስም አይቶ ሃይማኖት መገመት ያሳፍራል። የአባቱ ስም ሰይድ ወይም መሐመድ የሆነ ሰው ማሕሌት የሚቆም ዲያቆን ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ግቢ ውስጥም ታላቅ ወንድም ለሶላት፣ ታናሹ ለኪዳን በአንድ ጎሕ ሊነሡ ይችላሉ። ስለዚህ ቤት ገብታችሁ መጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ በሉ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁ፤ የቀረውን ባለቤቱ ራሱ ይነግራችኋል።

፫. በቅሬው በር መግባት

በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬው ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ቅጣት ይጥላል፣ ይምራል፤ በብዙ ሰፈሮችም የሁለቱን ሃይማኖት ተከታዮች በአንድ መዝገብ ይዟል። አንድ ሰበካ ጉባኤ የሰፈሩን ችግር ለማወቅ ጥናት ከሚያስጠና ይልቅ ከቅሬ ዳኛው ጋር ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ይበልጥ ይጠቀማል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በእኛ ባህል ሰው ቢቸግረው ለጎረቤት አይናገርም፣ ለካህኑም ይሸፍናል፤ የቅሬ መዋጮውን ግን ማቋረጥ ከማኅበረሰቡ መውጣት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ይታገላል። እንግዲህ ለሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባወራ ካለ፣ በዚያ ቤት እሳት የማይነድበት ቀን መጥቷል ማለት ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የቅሬው ገንዘብ ያዥ ነው።

ወደ ቅሬው ስትሄዱ በሥርዓቱ ሂዱ። መጀመሪያ ዳኛውን በቤታቸው ጎብኙ፤ ቀጥሎ በስብሰባቸው ቀን ዐሥር ደቂቃ እንዲሰጧችሁ ለምኑ። በመጀመሪያው ቀን ገንዘብም ሆነ ሌላ ትብብር አትጠይቁ። ጥያቄያችሁ «በሰፈራችን ማን ተጨንቋል? እኛስ ምን ብናግዝ ይሻላል?» የሚል ብቻ ይሁን። ዐርብ እኩለ ቀን ሰው አትጥሩ፤ በረመዳን ወር ደግሞ ቡና አፍልታችሁ በቀን ስብሰባ አታድርጉ። መስተንግዶ ካለ፣ ቀኑ የፍስክ ቢሆን እንኳ ምግቡ የጾም ይሁን፤ ሥጋ ከቀረበ ሁለት ድስት፣ ሁለት ገበታ፣ ሁለት ጥግ ይሆናል፤ ሽሮና ምስር ከቀረበ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ መሆኑን ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በአንድ ትሪ ላይ የሚፈላለግ እጅ ከዚያ ስም ጋር የሚስማማ ነው።

ከዚያ በኋላ መረጃው በራሱ ይመጣል። ዳኛው በመንገድ ላይ ያስቆሟችሁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እታች ያለችውን ቤት አይታችኋታል?» ይሏችኋል።

፬. በቅሬ የማይታዩትን መፈለግ

ቅሬ የሁሉ አይደለም። መግቢያ ክፍያ ስላለው፣ ዛሬ መጥቶ ነገ ለሚሄድ ተከራይ አይመችም። ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ኮምቦልቻ ላይ ይህ ችግር ጎልቶ ይታያል፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎቹ ፋብሪካዎች ከየገጠሩ የሳቧቸው ወጣት ሴቶች በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው ይኖራሉ። የት እንደተጠመቁ የሚያውቁት የአጥቢያቸው ካህናት ሩቅ ናቸው፤ የአሁኑ አጥቢያ ካህን አያውቃቸውም። አንዲቷ ብትታመም የምታስታምማት አብራት የተከራየችው ብቻ ናት፤ እርሷም በፈረቃ ላይ ትሆናለች።

እነዚህን ሠራተኞች ለማግኘት አከራዮችን ጠይቁ፤ ከዚያም በፈረቃቸው ልክ ፕሮግራም አውጡ። የሌሊት ፈረቃ ያደረች ልጅ እሑድ ጠዋት ብትቀር ሃይማኖቷን ቸል ያለች አይደለችም፣ እንቅልፍ ላይ ናት። በሳምንቱ አጋማሽ አንድ የማታ ጉባኤ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ቢኖር አንዱ ካመለጣት ሌላው ይገጥማታል። የማታው ጉባኤ ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ሰባኪው ገና አሟሙቄአለሁ ቢል እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ይቋጭ፣ ልጆቹም በቡድን ሆነው በሽማግሌ ታጅበው ይሸኙ። ከተቻለ ቅሬዎቹ ተከራዮችን ያለ መግቢያ ክፍያ በወርኃዊ መዋጮ ብቻ እንዲቀበሉ አስማሙ። በኮምቦልቻ ለሚያገለግል ሰበካ ጉባኤ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አይታየኝም።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ጉባኤ (የተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ) ስላላቸው በአንጻራዊነት የተሻለ ተይዘዋል። ለእነርሱ የሚጎድላቸው ቤት ነው። በበዓል ቀን ሁለት ሁለት ተማሪ የሚጋብዙ ቤተሰቦችን መዝግቡ፤ ተማሪዎቹም በምላሹ በክረምቱ ለሰፈሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይስጡ። ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቢሆን የሙስሊም ልጆች ወላጆች ይቸገራሉ፤ በትምህርት ቤት ክፍል ወይም በቅሬው አዳራሽ ቢሆን ሁሉም ይልካል።

፭. ርዳታን ያለ ኀፍረት ማድረስ

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር ይኖርብኛል። ከጦርነቱ በኋላ በተገኘ ዱቄት እኔ ያለሁበት ኮሚቴ ዕደላ አዘጋጀ። ችግረኞቹን በግቢው አሰለፍን፣ ስማቸውን በማይክራፎን ጠራን፣ ለለጋሹ የሚላክ ፎቶ አነሣን። በወጣትነታቸው ስንቱን የደገሱ አንዲት እናት ስማቸው ሲጠራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው በታችኛው በር ወጡ። በሳምንቱ ዱቄቱን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድሁ። «ልጄ፣ ዱቄቱንስ መልሰህ ውሰደው፤ በማይክራፎን የጠራኸውን ስሜን ግን መልስልኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም።

ከዚያ በኋላ የሠራንበት አሠራር የሚከተለው ነው። ተረጂን የሚለዩት አንድ ካህን፣ አንድ የቅሬ ሰውና አንዲት እናት ብቻ ሲሆኑ፣ ለሙሉ ጉባኤው የሚቀርበው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ «ቁጥር 14፣ አራት ልጆች፣ የቤት ኪራይ» ተብሎ ይወሰናል። ሰነዱን የሚመረምረው ሰው ስሙን ማየት ካለበት መዝገቡን በአስተዳዳሪው ፊት ከፍቶ ያያል። የሚሰጠው ነገር ሲመሽ በቤት ይደርሳል። ፎቶ አይነሣም፤ ፎቶ የሚጠይቅ ለጋሽ ካለ የተፈረመበት ደረሰኝ ይበቃዋል፣ ካልበቃው ይቅር። በአንድ ቀን ብዙ ሰጥቶ ከመጥፋት፣ ጥቂቱን ለሦስት ወር ሳያቋርጡ መስጠት ቤቱን ያቆመዋል።

ከምግብ ይልቅ ሰውን የሚያነሣው ግን ብዙዎች የማያስቡት ወጪ ነው፦ የቅሬ ውዝፍ መክፈል። አንድ አባት የስድስት ወር ውዝፋቸው ለገንዘብ ያዡ በጸጥታ ሲከፈልላቸው፣ በቀጣዩ ለቅሶ ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው ድንኳን ሲወጥሩ አይቻለሁ። ብሩ ከአንድ ጆንያ ዱቄት ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር።

ርዳታ ለሙስሊም ጎረቤትም ይደርሳል፤ በተለይ ተፈናቃይ ባለበት ሰፈር ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር የተረጂ ዝርዝር ካልተናበባችሁ አንዱ ቤት ሁለት ጊዜ ይወስዳል፣ ሌላው ባዶ ያድራል። የርዳታ ጆንያ ተሸክሞ ስብከት መጀመር ግን አይገባም። የተራበ ሰው ፊት የሚደረግ ስብከት ንግድ ይመስላል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ወሬው ከጆንያው ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

፮. ከጎረቤት ሃይማኖት ጋር በሰላም ቀን መነጋገር

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ከደሴ ነዋሪ ከግማሽ የሚበልጠው ሙስሊም ነው። ስለዚህ የአጥቢያው ሥራ ሁሉ ጎረቤት እያየው የሚሠራ ነው። የአምስት ሰዎች ስልክ በእያንዳንዱ አባል ኪስ ይኑር፦ የቅርቡ መስጊድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የቅሬ ዳኛው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርና በአካባቢው አስታራቂነታቸው የሚከበሩ አንድ አባት። ወጣቶች ቢጋጩ በዚያው ሌሊት ይደወልላቸው፤ ፌስቡክ ላይ የሚጻፍ ምላሽ ግን ከሰበካ ጉባኤው አንድም አይውጣ።

ለጥምቀት ዝግጅት በታኅሣሥ መጀመሪያ ከእነርሱ ጋር ተቀመጡ። ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ፣ የሚያርፍበትን ሰዓትና አስተናባሪዎቹን ንገሯቸው፤ የሙስሊም ወጣቶች መንገድ ማጽዳትና ውኃ ማቅረብ በወሎ የቆየ ነውና ድርሻቸውን በክብር ስጧቸው። ወጣቶቻችን የሚያሳትሙትን ቲሸርት ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አስተዳዳሪው ይዩት፤ ከአንድ ቃል የተነሣ የስንት ዓመት ጉርብትና ሲደፈርስ ማየት አያስፈልግም። የድምፅ ማጉያውንም ነገር አትናቁ፦ አፉ ወደ ግቢው ይዙር፣ በፈተና ሰሞንና አጠገብ ያለ ቤት በሽተኛ ሲኖር ይቀነስ።

፯. በለቅሶ ቤት የሚነገር ቃል

ብዙ ጎረቤቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የሚሰሙት በቀብር ቀን ብቻ ነው። ቅሬው ተሰብስቦ፣ ሙስሊሙ በአጥሩ ጥግ ቆሞ፣ ለዓመታት ደጀ ሰላም ያልረገጠው ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ በሚሰማበት በዚያች ሰዓት የሚናገረው ሰው በዘፈቀደ መመረጥ የለበትም። በእኛ አጥቢያ ሦስት ካህናትን ለይተን፣ ከዐሥር ደቂቃ እንዳያልፉ፣ የሟቹን ስምና የኑሮውን መልካም ነገር ከቤተሰቡ ጠይቀው እንዲያውቁ፣ የሌላውን እምነት በምሳሌም ቢሆን እንዳይነኩ ተስማማን። ስለ ሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ በአስከሬን ፊት ማስታወቂያ መናገርም ያኔ ቀረ።

፰. መከለስና ማስረከብ

በየሦስት ወሩ አንድ ስብሰባ ለዚህ ሥራ ብቻ ይዋል። የሚጠየቀው በጉባኤ ላይ ስንት ሰው መጣ የሚል አይሁን፤ ስንት ቤት ተጎበኘ፣ ከተጎበኙት ስንቱ እንደገና ታየ፣ የትኛው ቀጣና ሳይረገጥ ቀረ፣ ከቅሬው የመጣ ጥቆማ በስንት ቀን ምላሽ አገኘ የሚለው ይጠየቅ። የእኛ ደካማ ቀጣና ሁልጊዜም ዳገታማው ነበር፤ ጎብኚዎቹ በዕድሜ የገፉ ስለነበሩ ነው፣ ወጣት ስንመድብ ተስተካከለ።

የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ መዝገቡን በርክክብ ሰነድ ላይ «አንድ ደብተር» ብሎ ማስፈረም አይበቃም። የቀድሞው ጸሐፊ አዲሱን ጸሐፊ ይዞ ሁለት ቅዳሜ በየቤቱ ይዙር፣ ለቅሬ ዳኛውም በአካል ያስተዋውቀው፤ ዳገቱ ላይ ላሉት ቤቶች ጠዋት፣ ለፈረቃ ሠራተኞቹ ደግሞ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ።